የጓሮ ዶሮና ውሃ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። እውነት ነው። እናት ዶሮ 21 ቀን ያህል ታቅፋ ስትቆይ እንቁላሉ ጫጩት ሆኖ በእግሩ ይሄዳል። ታዲያ በእግሩ ከሄደ በኋላ የት ይደርሳል? ብዙው ሩቅ አይደርስም። አንዱን ጭልፊት ይወስደዋል፤ ሌላውን ሸለምጥማጥ ይበላዋል፤ የቀረውን በሽታ ይፈጀዋል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጭልፊት ሲያንዣብብ ትጮኻላችሁ። ሸለምጥማጥ ሲለምድ ወጥመድ ታጠምዳላችሁ። ነገር ግን እደጃችን ተቀምጦ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ጫጩት የሚጨርስ ሌላ ነገር አለ። እርሱም ውሃ ነው።

«ውሃማ ሕይወት ነው፤ እንዴት ይገድላል?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ውሃ ሕይወት ነው። ነገሩ ያለው አያያዙ ላይ ነው። ውሃ ሲጠፋ ዶሮ ትጎዳለች። ውሃው ሲጠልቅ ጫጩት ይሰጥማል። ውሃው ሲቆሽሽ ደግሞ በሽታ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ስለነዚህ ሦስት ነገሮች እንነጋገራለን። ለመከላከያው ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ጣባ፣ ጥቂት ጠጠርና የየዕለት ጥንቃቄ ይበቃል።

የአንድ ጫጩት ሞት ምን ያህል ያጎድላል?

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንዲት ዶሮ 10 ጫጩት ፈለፈለች እንበል። ከ10ሩ 6ቱ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ሞቱ። የቀሩት 4 ናቸው። አሁን ደግሞ ጥንቃቄ ተደርጎ 2 ብቻ ሞቱ እንበል። የቀሩት 8 ናቸው። ልዩነቱ 4 ዶሮ ነው። ዶሮዋ በዓመት ሁለት ጊዜ ብትታቀፍ ልዩነቱ 8 ዶሮ ይሆናል። የ8 ዶሮ ዋጋ በገበያ ቀን ስንት እንደሚያወጣ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከስምንቱ ውስጥ ቄቦቹ ደግሞ በተራቸው እንቁላል ይጥላሉ።

በብዙ ቤት የዶሮና የእንቁላል ገንዘብ የእናቶች ገንዘብ ነው። ጨው የሚገዛው፣ ለልጅ ደብተርና እርሳስ የሚገዛው፣ ድንገት ሰው ሲታመም ለመድኃኒት የሚወጣው ከዚያ ነው። በሬ ለመሸጥ ምክር ያስፈልጋል። እንቁላል ለመሸጥ ግን እናት ማንንም አትጠይቅም። እንግዲህ ውሃ ውስጥ የወደቀች አንዲት ጫጩት ትንሽ ነገር ብትመስልም የአንድ ቤት ጨው፣ የአንድ ልጅ ደብተር አብሯት ይወድቃል።

ዶሮ ውሃ ለምን ትፈልጋለች?

የዶሮ ሰውነት አብዛኛው ውሃ ነው። እንቁላሉም እንደዚያው ነው። እንቁላል ስትሰብሩ የምታዩት ነጩና አስኳሉ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃ ያላገኘች ዶሮ እንቁላል ከየት ታመጣለች? አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ያጣች ዶሮ መጣሏን ልታቆም ትችላለች። ከዚያ በኋላ ውሃ ብታገኝም ወደ ቀድሞው ለመመለስ ብዙ ቀን ይፈጅባታል።

ሌላም ምክንያት አለ። ሰው ሲሞቀው ያልበዋል፤ ላቡም ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል። ዶሮ ግን ላብ የላትም። ፀሐይ ሲበረታ ዶሮ አፏን ከፍታ ስታለከልክ፣ ክንፏንም ከጎኗ ራቅ ስታደርግ አይታችሁ የለም? ሙቀቱን የምታወጣው በዚያ ነው። ስታለከልክ ከሰውነቷ የሚወጣው ውሃ መተካት አለበት። ካልተተካ ትደክማለች፤ ሙቀቱ ከጸናም ትሞታለች።

ዶሮ ውሃ ስትጠጣ ምንቃሯን ነክራ ቀና ትላለች። ሰማይ የምታይ ይመስላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንደ በሬ ውሃውን ስባ መጠጣት አትችልም። ምንቃሯን ሞልታ ራሷን ወደ ላይ ስታደርግ ውሃው በራሱ ቁልቁል ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳል። ስለዚህ ቶሎ ጠጥታ አትጠግብም፤ በቀን ብዙ ጊዜ እየተመላለሰች መጎንጨት አለባት። ውሃ ጠዋት ብቻ አሳይቶ ማንሣት የማይበቃው ለዚህ ነው።

ምን ያህል ይበቃታል? አንዲት ትልቅ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል፣ ማለት አንድ ብርጭቆ ያህል ትጠጣለች። ሙቀት ሲበረታ እስከ እጥፍ ልትጠጣ ትችላለች። አራት ዶሮ ያለው ቤት በቀን አንድ ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው።

«ውሃ ከወንዝ በጀርባችን ተሸክመን፣ ለዶሮ ደግሞ?» የምትሉ እናቶች እንዳላችሁ እናውቃለን። እውነታችሁን ነው። ውሃ ለመቅዳት የሚሄደውን መንገድና የሚሰብረውን ወገብ አይተናል። ነገር ግን ለአራት ዶሮ የሚያስፈልገው ከአንድ 20 ሊትር ጀሪካን 20ኛው እጅ ብቻ ነው። ደግሞስ የዶሮው ጥቅም ለቤተሰቡ ሁሉ ከሆነ ውሃውን መቅዳት ለምን የእናት ብቻ ሥራ ይሆናል? አባትም ልጅም ሊያግዝ ይገባል።

ጫጩት ለምን ይሰጥማል?

ዳክዬ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች። ዶሮ ግን የምድር ወፍ ናት። የዶሮ ዘር የመጣው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከሚኖር የዱር ዶሮ ነው። ወደ አገራችን ከገባችም ረዥም ዘመን ሆኗታል። በትግራይ መዝብር በተባለ ቦታ በተደረገ ቁፋሮ ከ2,500 ዓመት በላይ የሆነው የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። ይህን ሁሉ ዘመን ከሰው ጋር ስትኖር ዋና አልለመደችም። የዳክዬ ጣቶች በቆዳ የተያያዙ ስለሆኑ እንደ መቅዘፊያ ያገለግላሉ። የዶሮ ጣቶች የተነጣጠሉ ናቸው፤ ለመጫርና ቆጥ ላይ ለመያዝ እንጂ ለመቅዘፍ አይሆኑም። የዳክዬ ላባ ውሃ አያስገባም። የዶሮ ላባ ግን ብዙ ከቆየ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል።

የጫጩት ደግሞ ይብሳል። ጫጩት ገና ላባ የለውም፤ ያለው እንደ ጥጥ የለሰለሰ ጠጉር ነው። ጥጥ ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ውሃውን መጥጦ ይከብዳል። ጫጩቱም እንደዚያው ይሆናል። የዕቃው ጠርዝ ከፍ ያለ ወይም የሚያዳልጥ ከሆነ መውጣት አይችልም። ጫጩት ለመስጠም ኩሬ አያስፈልገውም። ጎርጎድ ባለ ሳህን ውስጥ ያለ ውሃ ይበቃዋል።

ከውሃው ቢወጣም ገና አልዳነም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫጩት ሰውነቱን በራሱ ማሞቅ አይችልም። ሙቀት የሚያገኘው ከእናቱ ክንፍ ሥር ነው። የረጠበ ጫጩት ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ቆይቶም ይሞታል። ጠዋት ሞቶ ስታገኙት «ምን ነካው?» ትላላችሁ። ብዙ ጊዜ የነካው ብርድ ነው።

በግቢያችን ውስጥ ጫጩት ሊወድቅባቸው የሚችሉ ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

1. ክዳን የሌለው ባልዲ፣ ጋን፣ ድስትና የእቃ ማጠቢያ ሳፋ።
2. ከብት የሚጠጣበት ገንዳ።
3. ያልተከደነ የውሃ ጉድጓድ።
4. ጭቃ ለማቡካት ወይም አፈር ለማውጣት ተቆፍሮ ሳይደፈን የቀረ ጉድጓድ።
5. በክረምት ውሃ የሚቋጥር የከብት ኮቴ።

እናት ዶሮ እየጫረች ስታልፍ ጫጩቶቹ ይከተሏታል። እርሷ በአንድ እርምጃ የተሻገረችው የበሬ ኮቴ ለጫጩቱ ባሕር ነው። ስለዚህ ባልዲና ጋን ይከደን። የተቆፈረው ይደፈን። በደጅ ያለው የኮቴ ጉድጓድ በአፈርና በጠጠር ይሞላ። ገንዳው ውስጥ ደግሞ ከሥሩ እስከ አፉ የሚደርስ ሻካራ እንጨት ዘንበል አድርጋችሁ አኑሩ። የወደቀው ጫጩት ደርሶበት ይወጣል። ይህ ለትልቅ ዶሮም ይረዳል።

ለጫጩት የሚሆን የውሃ ዕቃ

አንደኛው ዘዴ ጣባና ጠጠር ነው። አፉ ሰፊ፣ ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ ጣባ ወይም ሳህን ፈልጉ። የታጠበ ጠጠር አድርጉበት። ከዚያ በጠጠሮቹ መካከል ውሃ አፍስሱ። የጠጠሮቹ አናት ከውሃው በላይ መታየት አለበት። ጫጩቱ ጠጠሩ ላይ ቆሞ በመካከሉ ያለውን ውሃ ይጠጣል። ቢገባም እግሩ ብቻ ይረጥባል። የውሃው ጥልቀት ከጣት ውፍረት ባይበልጥ ይመረጣል።

ሁለተኛው ዘዴ የተገለበጠ ጣሳ ነው። ይህን ትንሽ ልጅም ሊሠራው ይችላል።

ሀ) አንድ አፉ የተከፈተ፣ ሌላ ቀዳዳ የሌለው ጣሳ ውሰዱ። ጠርዙ ስለት እንዳይኖረው በድንጋይ ደቁሱት።
ለ) ከአፉ ጠርዝ ግማሽ ጣት ያህል ገባ ብላችሁ በምስማር አንድ ቀዳዳ ብሱ።
ሐ) ከጣሳው አፍ ትንሽ ሰፋ ያለ ሳህን ፈልጉ። የሳህኑ ግድግዳ ከቀዳዳው ከፍ ማለት አለበት። አለዚያ ውሃው ይፈሳል።
መ) ጣሳውን ውሃ ሙሉት። ሳህኑን ደፍታችሁ ክደኑት። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ይዛችሁ ቶሎ ገልብጡ።

ውሃው በቀዳዳው እየወጣ ሳህኑን ይሞላል። ቀዳዳው በውሃ ሲሸፈን መፍሰሱ ቀጥ ይላል። ይሄ አስማት አይደለም። ውሃ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣው በቦታው አየር ሲገባ ነው። ቀዳዳውን ውሃ ሲዘጋው አየር መግባት አይችልም፤ ስለዚህ ውሃውም መውጣቱን ያቆማል። ጫጩቶቹ ጠጥተው ውሃው ዝቅ ሲል ቀዳዳው ይከፈታል፤ አየር ይገባል፤ ውሃ ይወጣል። ጣሳው እስኪያልቅ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ጫጩቶቹ የሚያገኙት በጣሳውና በሳህኑ መካከል ያለውን ጠባብ ውሃ ብቻ ስለሆነ አይሰጥሙበትም፤ ኩስም ብዙ አይገባበትም። ለጣሳው የመረጣችሁት የመድኃኒት ወይም የኬሚካል ዕቃ የነበረ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት ከእንቁላሉ ይዞት የወጣው የአስኳል ስንቅ አለው። በዚያ ሁለት ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ቢሆንም ከእናቱ ጋር ከጎጆዋ እንደወጣ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ምግብ ማግኘቱ ይበጀዋል። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ባይሆን መልካም ነው። ቤት ውስጥ ያደረ ውሃ ይሻላል።

ጫጩት ውሃ ውስጥ ቢወድቅ

ቶሎ አውጡት። በደረቅ ጨርቅ ጠጉሩን እያሻሻችሁ አድርቁ። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሰው ገላ ሙቀት፣ ወይም ከምድጃ ራቅ ብሎ ሙቀት በሚደርስበት ቦታ አኑሩት። እሳቱ አጠገብ አታስጠጉት፤ ጭስና ቃጠሎ ከውሃው የባሰ ይጎዳዋል። በግድ ውሃ ወይም ወተት በአፉ አታፍሱ። ራሱን ያልያዘ ጫጩት የሚፈስበት ነገር ወደ ሳንባው ይገባና ያንቀዋል። ደርቆ፣ ቆሞ፣ መጮህ ሲጀምር ወደ እናቱ መልሱት። እስከ መጨረሻው ሳይደርቅ ወደ ብርድ አታውጡት።

የቆሸሸ ውሃ የሚያመጣው በሽታ

እስካሁን የተናገርነው በዓይን ስለሚታየው አደጋ ነው። አሁን ስለማይታየው እንናገር። ዶሮ በቆመችበት ትኮሳለች። የውሃው ዕቃ መሬት ላይ ከሆነ፣ ወይም ከቆጥ በታች ከተቀመጠ፣ ኩሱ ውሃው ውስጥ ይገባል። የአንዲት የታመመች ዶሮ ኩስ የገባበትን ውሃ ሁሉም ይጠጡታል። በሽታው በአንድ ጣባ ለሁሉም ይታደላል ማለት ነው።

ከነዚህ በሽታዎች አንዱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ኮክሲዲዮሲስ ይሉታል። በብዛት የሚይዘው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ዕድሜ ያላቸውን ጫጩቶች ነው። ጫጩቱ ይኮማተራል፤ ላባው ይንጨባረራል፤ መብላት ይተዋል፤ ኩሱ ደም ይታይበታል። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ነፍስ ነው። ከታመመው ጫጩት በኩስ ይወጣል። ሲወጣ ወዲያውኑ አይጎዳም። እርጥበትና ሙቀት ካገኘ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ጉልበት አግኝቶ ሌላውን ለመያዝ ይዘጋጃል። በደረቅ መሬት ላይ ይህን ማድረግ ይከብደዋል። ስለዚህ በዶሮ ቤት ውስጥ ውሃ እንዳይፈስ መጠንቀቅና ኩሱን በየቀኑ መጥረግ ትልቅ መከላከያ ነው። ለበሽታው መድኃኒት አለው። ምልክቱን ስታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ሌላው ሁላችሁም የምታውቁት ፈንግል ነው። በሌላ አገር ኒውካስል ይባላል። ስሙን ያገኘው በእንግሊዝ አገር ካለ ከተማ ነው፤ እዚያ የታወቀው በ1926 በአውሮፓ አቆጣጠር ነበር። ፈንግል ሲገባ ዶሮዎቹ ያቃስታሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፤ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ አንዳንዶቹ አንገታቸው ይጠመዘዛል። ብዙ ጊዜ የአንድ መንደር ዶሮ በጥቂት ቀን ያልቃል። በሽታው ከታመመ ዶሮ፣ ከኩሱ፣ በኩሱ ከተበከለ ውሃና ምግብ ይተላለፋል። በሰው ጫማ ላይም ተሸክሞ ይሄዳል። ፈንግል ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ያለው ክትባት ብቻ ነው። በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

በበሽታ የሞተውን ዶሮ ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። ከታች ያለው መንደር ያንኑ ውሃ ይጠጣል። ከውሃ ጉድጓድና ከምንጭ ርቃችሁ፣ ውሻ እንዳያወጣው ጠልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።

ክትባት በውሃ ሲሰጥ

አንዳንድ የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ አንዳንዱ በመጠጥ ውሃ ነው። በውሃ ሲሰጥ ባለሙያው የሚላችሁን በደንብ አድምጡ። ክትባቱ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ በቀላሉ ይሞታል። እነዚህን አስታውሱ።

1. ክሎሪን የተጨመረበት ውሃ ክትባቱን ይገድላል። ንጹሕ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ ይሻላል።
2. ዕቃው ሳሙና ያልቀረበት ይሁን። ከብረት ይልቅ ላስቲክ ወይም ሸክላ ይመረጣል።
3. ከክትባቱ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ተከልክለው ይቆዩ። ሲጠሙ ሁሉም ይጠጣሉ።
4. ክትባቱ የተቀላቀለበትን ውሃ ጥላ ውስጥ አኑሩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት።

ከጎረቤት ጋር በአንድ ቀን ማስከተብ የበለጠ ይጠቅማል። የእናንተ ዶሮና የጎረቤት ዶሮ በአንድ ሜዳ የሚጭሩ ከሆነ በሽታው አጥር አይከለክለውም።

መርዝ ያለበት ውሃ

ዶሮ ያገኘችውን ውሃ ትጠጣለች፤ መርጣ አትጠጣም። ስለዚህ የፀረ ተባይ መድኃኒት መርጫ ያጠባችሁበትን ውሃ በደጅ አትድፉ። ዶሮና ልጅ ከማይደርሱበት፣ ከወንዝና ከምንጭም ራቅ ካለ ቦታ ይደፋ። የመድኃኒቱ ባዶ ዕቃ ለሰውም ለዶሮም የውሃ ዕቃ አይሁን፤ ቢታጠብም መርዙ አይለቅም። የሳሙና እጣቢም ቢሆን በቋጠረበት አትተዉት። ጨው የበዛበት ውሃ ደግሞ ሰው ሳይገምተው ዶሮን ይገድላል፤ ይልቁንም ጫጩትን። እህል ብቻ ያጠባችሁበት ውሃ በዕለቱ ቢሰጥ ግን አይጎዳም። ቢያድር ስለሚኮመጥጥ ይደፋ።

ክረምት ሲገባ

ክረምት የጫጩት ክፉ ወቅት ነው። ዝናብ፣ ብርድና ጭቃ አንድ ላይ ይመጣሉ። ሰኔ ሳይገባ የሚሠራ ሥራ አለ።

የዶሮው ማደሪያ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይሁን። በዙሪያው ጎርፍ የሚቀይስ ቦይ ቆፍሩ። የጣሪያው ጠፈጠፍ በደጁ ላይ እንዳይወርድ አድርጉ። ወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ወይም ገለባ አንጥፉ፤ ሲረጥብ አውጡና ለውጡ። የወጣው ጭድ ከነኩሱ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ለትልልቆቹ ቆጥ ሥሩላቸው። እናትና ጫጩቶቿ ግን መሬት ላይ ስለሚያድሩ የእነርሱ ቦታ ከሁሉ የደረቀ መሆን አለበት።

ጠዋት ሣሩ ጤዛ ሲሆን ጫጩቶችን አትልቀቁ። ፀሐይ ወጥታ ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቁ። ደመና ሲጠቁር ቶሎ ሰብስቧቸው። እናትየዋን በትልቅ ቅርጫት ሥር ብታስቀምጧት ጫጩቶቹ ከአጠገቧ አይርቁም፤ ዝናብ ሲመጣም ለመሰብሰብ ይቀላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሳምንታት እንዲህ ብትይዟቸው ላባ አውጥተው ይጠነክራሉ።

የዶሮ ውሃና የሰው ውሃ

ዶሮን ከውሃ እንደምንጠብቅ ሁሉ የምንጠጣውንም ውሃ ከዶሮ መጠበቅ አለብን። ጤነኛ የምትመስል ዶሮ በኩሷ ሰውን የሚያሳምም ጀርም ልታወጣ ትችላለች። ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል። የሚጎዱት በተለይ ትንንሽ ልጆች ናቸው፤ መሬት ላይ ይድሃሉ፤ ያገኙትንም ወደ አፋቸው ያደርጋሉ። ስለዚህ እንስራው ይከደን። የጉድጓዱ አፍ ከፍ ተደርጎ ይታጠር፤ ክዳንም ይኑረው። መጥለቂያው መሬት ላይ አይቀመጥ። ዶሮ፣ እንቁላል ወይም የዶሮ ዕቃ የነካ እጅ በሳሙና፣ ሳሙና ከጠፋም በአመድ ይታጠብ። የዶሮ ጣባ የሚታጠብበት ቦታ ከምግብ ዕቃ ማጠቢያ የተለየ ይሁን።

ማን ይሥራው?

«አባቶቻችን ይህን ሁሉ ሳያደርጉ ዶሮ አርብተዋል» የሚሉ አሉ። አርብተዋል፤ እኛም ከእነርሱ ብዙ ተምረናል። ቄብ የትኛዋ ጥሩ እናት እንደምትሆን በዓይን ለይተው ያውቃሉ። የደፈረሰ እንቁላል በፀሐይ አይተው ይመርጣሉ። ይህን መጽሐፍ አላስተማራቸውም። ነገር ግን እነርሱም ቢሆኑ ግማሹ ጫጩት ሲሞት «ዕድሉ ነው» እያሉ አዝነዋል። የጫጩት ሞት ሁሉ ዕድል አይደለም። ብዙው ምክንያት አለው። ምክንያቱ የታወቀ ነገር ደግሞ መከላከያ ይገኝለታል።

ሥራው በቀን ከአንድ ቡና ማፍያ ጊዜ ያነሰ ነው። ጠዋት ያደረውን ውሃ ድፉ፤ ጣባውን ፈግፍጋችሁ እጠቡ፤ ንጹሕ ውሃ ሙሉ። ከቆጥ ራቅ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። የትልልቆቹን ዕቃ በዶሮዋ ጀርባ ልክ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አድርጉት። እኩለ ቀን ላይ አንድ ጊዜ እዩት። ማታ ባልዲውና እንስራው መከደናቸውን ተመልከቱ። ይህን አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት በፊትና በኋላ ሊሠራው ይችላል። ማንበብ የቻለ ሰው ደግሞ የተፈለፈሉበትን ቀን፣ የጫጩቶቹን ቁጥርና የሞቱትን በደብተር ቢጽፍ ከሁለት ወር በኋላ ሒሳቡን ራሱ ያየዋል። ፊደል የተማርነው ለእንዲህ ያለው ሥራም ነው።

ለመወያየት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ዶሮ ላብ ከሌላት ሙቀቷን የምታወጣው እንዴት ነው?
2. ከውሃ የወጣ ጫጩት ለምን ሊሞት ይችላል?
3. የተገለበጠው ጣሳ ውሃ መፍሰሱን የሚያቆመው ለምንድን ነው?
4. አንድ ቤት 6 ትልልቅ ዶሮ ቢኖሩት በቀን ስንት ሊትር ውሃ ያስፈልጋቸዋል?
5. በግቢያችሁ ውስጥ ጫጩት ሊወድቅበት የሚችል ቦታ ስንት ነው? ዛሬ ቆጥራችሁ ጻፉ። ነገ የትኛውን ትደፍናላችሁ?